በይሄነው ጓሮ ውሃ ከድንጋይ የወረደበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ብርሀንነሽ ባሕር ተሻግራ በኩዌት አገር በሰው ቤት ባደረች በሁለተኛው ዓመት፣ ባሏ ይሄነው ከባጃጅ መሪ ወርደው በመከዳ ላይ በተቀመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ የመካነ ሰላም ቧንቧ በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ በሚንጠባጠብበት ዘመን፣ ልጃቸው ሙሉሐረግ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗት እንደ ግልገል መፈንጨት በጀመረችበት ወራት፣ የኃያሉን፣ የግቢውን ፀሐይ፣ ሠርተው ስለማያውቁ ደክመው የማያውቁትን የይሄነውን ገድል ለመጻፍ ንዌጥን፤ ከድንጋይ ውሃ እንዴት እንዳወረዱ፣ ያወረዱትንም ውሃ በምን ጭንቅ እንደመለሱት፣ በክብሩ ላይ ሳንጨምር ከማፈሪያውም ሳንቀንስ።

ነገር ከመጀመሪያው ይያዛል። ቤቱ የወይዘሮ አልታዬ ቤት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ከመስጊዱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው እንደ ከበሮ የሚጮህ። ወይዘሮ አልታዬ የብርሀንነሽ እናት፣ የሙሉሐረግ አያት፣ የይሄነው አማት ናቸው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያነባሉ፣ ያነበቡትንም ሁሉ ይፈራሉ። ብርሀንነሽ የሄደች ዕለት የዘጠኝ ወር ሕፃኗን ከጡቷ አላቃ በእናቷ ክንድ ላይ አስቀመጠችና «እማ፣ አደራ» ብቻ ብላ መኪና ገባች። ከዚያች ዕለት ወዲህ ወይዘሮ አልታዬ የዓለምን ነገር ሁሉ በሁለት ከፈሉት፤ ልጅቱን የሚጎዳና ልጅቱን ገና ያልጎዳ። ፍሙን ፈሩ፣ ምላጩን ፈሩ፣ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ፈሩ፤ ከሸሚዝ የተበጠሰ ቁልፍ ወድቆ እንደሆነ ብለው ወለሉን በእጃቸው ዳበሱ፤ ባፍንጫዋ ትከት ይሆናል ብለው ባቄላውን ከጣራው ማገር ላይ ሰቀሉት። ይህ ሁሉ ግን ገና ኩሬ የሚባል ነገር ሳይመጣ ነው።

ወእምዝ በወርኃ የካቲት ከኩዌት በኢሞ አንድ ሥዕል መጣ። ያልተጠረበ የተፈጥሮ ድንጋይ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ተቆልሎ፣ ከአናቱ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ከሥሩ ወዳለ ሰማያዊ ኩሬ ሲወርድ፣ ዙሪያውን ሣር ለብሶ፣ ሣሩ አበባ አብቦ። ብርሀንነሽ ከሥዕሉ ጋር ቃል አልጻፈችም፤ የምትሠራበት ቤት ጓሮ መሆኑ ግን ያስታውቅ ነበር። ይሄነው ሥዕሉን በጣታቸው ዘረጉት፣ መልሰው ሰበሰቡት፣ ስልኩን ወደ ጎን አዙረው አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ፤ ሦስት ቀን በመከዳው ላይ ሆነው ሲመለከቱት ሰነበቱ። በሦስተኛውም ቀን መንፈስ ወረደባቸውና «ሚስቴ ይህን ተመኝታለች፤ ያልተመኘችውን ለምን ትልካለች?» ብለው በልባቸው ፈረዱ። ደውሎ መጠየቅ የተራ ሰው ሥራ ነውና አልደወሉም።

አሜሃ ተነሡ። መነሣታቸው ራሱ በዚያ ቤት እንደ በዓል የሚቆጠር ነው። ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ባጃጅ መቆሚያው ወጡ፣ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ።

«የመካነ ሰላም ሰው ሆይ! ድንጋይ ሲሉህ አጥር፣ ውሃ ሲሉህ ጀሪካን ብቻ የምታስብ! አንድ ቀን እንኳ ለዓይንህ ሠርተህ ታውቃለህ? እኔ ይሄነው በጓሮዬ ፏፏቴ አቆማለሁ። ሚስቴ ስትመጣ ኩዌትን በደጇ ታገኛታለች። አህያ ያለህ በአህያህ፣ ትከሻ ያለህ በትከሻህ፣ ሁለቱም የሌለህ በምክርህ፣ ማክሰኞ መጋቢት ሁለት ቀን ለደቦ ከወንዙ ዳር ተገኝ። የቀረ ሰው ነገ ፏፏቴዬ ዳር ፎቶ ልነሣ ብሎ እንዳይመጣብኝ!»

ማክሰኞዪቱ የተመረጠችበት ጥበብም ይጻፍ፣ ለትውልድ ይቅር። ደቦ የጠራ ሰው ማብላትና ማጠጣት አለበት፤ ይህን የማያውቅ የለም። በዚያች ማክሰኞ ግን ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ላይ፣ ሙስሊሙም በረመዳን ላይ ነበር። ስለዚህ ይሄነው ከእርሳቸው በፊት ማንም ያላሰበውን አሰቡ፤ በሁለት ጾም መካከል የተጠራ ደቦ፣ በግ የማይታረድበት፣ ጠላ የማይጠመቅበት፣ ቀትር ሲሆን ሁሉም በአንድነት የሚያዛጋበት። ወይዘሮ አልታዬ ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በኀፍረት ቀላ። የሰው ጉልበት በነጻ በልቶ መተኛት አይሆንላቸውምና ክርስቲያኑ ሲጾም ውሎ የሚቀምሰውን የሽሮ ወጥ ሠሩ፣ ለሙስሊሞቹም ማፍጠሪያ የምስር ሳምቡሳና ቴምር እየጠቀለሉ ለእያንዳንዱ በእጁ አስያዙት። ምርቃቱን ግን ሁሉን ይሄነው ተቀበሉት።

የዘመቻው ሠራዊትም ይህ ነው። በፊታውራሪነት ንጉሡ ባለ ባጃጁ፣ የይሄነው ባልንጀራ፣ ድምፁ ከጉልበቱ የሚበልጥ። በቀኝ በኩል ከወረኢሉ ገበያ የመጣችው ባለ አንድ ጆሮ አህያ፣ ከሁሉም ብዙ የተሸከመች፣ ከሁሉም ያነሰ የተናገረች። በግራ በኩል ድንጋይ መሸከሚያ ባሬላቸውን የያዙ ዘጠኝ ጎልማሶች፤ ከእነርሱ ሰባቱ ያነሡ ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ ያቃስቱላቸው ነበር። በደጀን ቁጥራቸው ያልታወቀ መካሪዎች፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀኝ ሲባል ግራ፣ ግራ ሲባል ቀኝ የሚሉ። ከሁሉ መካከል ግንበኛው ጋሽ አህመዲን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ቱንቢያቸውን በኪሳቸው ዝምታቸውን በአፋቸው የያዙ። ይሄነው ራሳቸው ከዳገቱ ላይ ሆነው በስልካቸው ቪዲዮ እየቀረጹ፣ መድፍ ወደ መቅደላ አምባ ሲጎተት እንዲህ ነበር እያሉ ሠራዊቱን ያበረታቱ ነበር። አንዲት ጠጠር ግን አላነሡም፤ ነጠላ ጫማቸው ውስጥ ከገባችው በቀር።

ከወንዙ የመጣው ድንጋይ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ጥቁሩ በውሃ ተልጎ እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ ግራጫው ሽበት የመሰለ መስመር ያለው። ጋሽ አህመዲን አንድ በአንድ እያዩ፣ እያገላበጡ፣ ሆዱ የትኛው ጀርባው የትኛው እንደሆነ እየለዩ አራት ቀን ካቡት። ከካቡም ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ በሲሚንቶ ተለሰነ። ወይዘሮ አልታዬ ሠራተኛው ለጸሎት ዘወር ባለ ጊዜ ልጅቱን አዝለው ወደ ጉድጓዱ ወረዱና ቆሙበት። አፉ ከጉልበታቸው አልፎ ወደ ታፋቸው ደረሰ። ሙሉሐረግን ከጀርባቸው አውርደው ከጎናቸው አቆሟት፤ አፉ ከአገጯ በላይ ሆነ። ሕፃኒቱ ሳቀች። ወይዘሮ አልታዬ መልሰው አዝለዋት ወጡና ከደጃፉ የሞረድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

አንባቢ «ታዲያ ለምን አፍ አውጥተው አልነገሯቸውም?» ይል ይሆናል። ወይዘሮ አልታዬ ባደጉበት ወግ አማት ከአማቿ ጋር ፊት ለፊት ክርክር አትገጥምም፤ ትከናነባለች፣ አንቱ ትላለች፣ ቅር ያላትን በሰው አፍ ታስነግራለች። ይህን ወግ ከእናታቸው ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሁሉ ጠብቀውታል። ይሄነውም ወጉን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ከአገሩ ወግ ሁሉ የሚያከብሩትም ይህንን ብቻ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት በጎረቤታቸው በዘሊካ እጅ ሄደ። ዘሊካ መልእክት አለስልሳ የምታደርስ ሴት አይደለችም። ከበሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ ስትል አወጀች።

«ወንድም ይሄነው! ማሻአላህ፣ ድንጋዩ ያምራል፣ ዓይን አይግባው። ነገር ግን እህቴ አልታዬ እንቅልፍ አጥታለች። ይህ ጉድጓድህ ልጅቱን ከነጫማዋ ይውጣታል። በእንጨትም ይሁን በቆርቆሮ ዙሪያውን እጠርላት፤ ወይ ደግሞ ውሃውን ተወውና ዶሮ አስቀምጥበት። እምቢ ካልህ እኔ ዘሊካ በየማለዳው ጀሪካኔን ይዤ እየመጣሁ ኩሬህን እጨልፈዋለሁ፤ ውሃ የጠየቀን ጎረቤት ደግሞ አትከለክልም፣ እናትህ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችህም!»

ይሄነውም ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው መለሱ። «በሥዕሉ ላይ አጥር የለም! ሰው ሁሉ ያየዋል፣ አጥር የለም! ፏፏቴን ማጠር ሙሽራን ጆንያ ማልበስ ነው። የኩዌት ልጆች በዚህ ዳር ይጫወታሉ፤ አንድም ሰመጠ ሲባል አልሰማንም። ለእማም ንገሩልኝ፤ እርሳቸው የማይፈሩት ነገር ካለ እርሱን ይላኩብኝ። ያለፈው ሰሞን እኮ ባቄላ ፈርተው ሰቅለውታል!»

ሠራዊቱ ሳቀ። ንጉሡ ባለ ባጃጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወይዘሮ አልታዬ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ሰሙት፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና ሕፃኒቱን ጭናቸው ላይ ጠበቅ አደረጓት።

ሁለተኛው መልእክት በጋሽ አህመዲን አፍ ሄደ። እርሳቸው ቀድሞም ነገሩ አልጣማቸውም ነበርና ቱንቢያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በጉድጓዱ ላይ አንጠለጠሉና «ልጄ ይሄነው፣ አርባ ዓመት ገንብቻለሁ፤ ሰው የሚኖርበትን እንጂ ሰው የሚጠፋበትን ሠርቼ አላውቅም። ወላሂ፣ ከወንዙ ጠጠር ላምጣና ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ብቻ እስኪቀር ልሙላበት። ውሃው ያው ይወርዳል፣ ድምፁም ያው ነው። አላህ ከሰጠህ ልጅ ጋር ድንጋይ አታወዳድር» ብለው ነገሯቸው። ይሄነው ግን ስልካቸውን አስጠግተው የኩሬውን ሰማያዊነት አሳዩአቸው፤ ውሃ ጥልቅ ካልሆነ ሰማያዊ አይሆንምና ከጥልቀቱ አንዲት ጣት እንዳትቀነስ አዘዙ። ጋሽ አህመዲን ቱንቢያቸውን ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ ዝምታቸውንም ወደ አፋቸው መለሱ።

ወኮነ በሚያዝያ፣ ዒዱም አልፎ ፋሲካም ሲቃረብ፣ ከደሴ የታዘዘው የውሃ ፓምፕ በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ እንደ ታላቅ እንግዳ ገባ። ኩሬውን ለመሙላት ባለ አንድ ጆሮዋ አህያ ሰማንያ ጀሪካን ተመላለሰች። ያን ጊዜ በቦኖው ደጃፍ ሴቶች ጀሪካናቸውን በተርታ ደርድረው ፀሐይ ላይ ይውሉ ነበር፤ የወለደች ሴት ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ ነበር፤ የይሄነው ድንጋይ ግን እግሩን ታጠበ። ውሃው ሲሞላ ሰማያዊ አልሆነም። የጠላ አተላ መሰለ። ይሄነው ይህን አይተው ፀሐይ ሲመታው ይጠራል አሉ።

ከዚያ በኋላ የወይዘሮ አልታዬ ዘብ ጥበቃ ተጀመረ። አራት ቀን ሙሉ፣ የመቀነታቸውን አንድ ጫፍ በወገባቸው አስረው ሌላውን ጫፍ በሙሉሐረግ ወገብ አስረው ኖሩ። ሲጠርጉ አብራ ጠረገች፣ ሊጥ ሲያቦኩ አብራ ተጨማለቀች፣ በስቅለት ሲሰግዱ አብራ ወደቀች አብራ ተነሣች። ሕፃኒቱ ውሃውን ማየት ትወድ ነበር፤ «ዉዋ» እያለች መቀነቱን ትጎትት ነበር፣ አያቷም ወደ ኋላ ይጎትቱ ነበር። ማታ ቤቱ ሲዘጋ የበሩን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያደርጉት ነበር። ለልጃቸው በስልክ ሊነግሯት ፈለጉ፤ በሰው አገር ሆና ከምትጨነቅ እኔው ልጨነቅ ብለው ተዉት። ይሄነውም ለሚስታቸው በድንገት ላሳያት ብለው ደብቀው ነበር። እንግዲህ በዚያ ቤት ሁለት ሰው አንድ ምስጢር ይጠብቅ ነበር፤ አንዱ ለደስታ፣ አንዷ በጭንቀት።

የምረቃው ቀን በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሆነ። ግቢው ሞላ። ሽማግሌዎቹ በወንበር፣ ሴቶቹ በሣሩ ላይ፣ መካሪዎቹ በአጥሩ ላይ ተቀመጡ። ይሄነው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሁለት ቁልፉን ከደረታቸው ከፍተው፣ በአንድ እጃቸው የፓምፑን ማብሪያ በሌላው ስልካቸውን ይዘው ከድንጋዩ አጠገብ ቆሙ። በኢሞም ወደ ኩዌት ደወሉ፤ የብርሀንነሽም ፊት ብቅ አለ። አሜሃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ።

«ብርሀኔ ሆይ! በዓልሽ ይኸውልሽ! ያየሽውን አየሁልሽ፣ የተመኘሽውን ሠራሁልሽ! ከዛሬ ጀምሮ ማንም ለወሎ ሰው ፏፏቴ ምን እንደሆነ አያስተምረው!»

ማብሪያውን ተጫኑት። ፓምፑ አጉረመረመ፣ የውሃው ጎማ ተነፋ፣ ከድንጋዩም አናት ላይ ውሃ ተነሥቶ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። አንድ ጊዜ እልል ተባለ። ንጉሡ ባለ ባጃጁ ዘለለ። ጋሽ አህመዲን እንኳ ሳይወዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታላቁ ፏፏቴም አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ያህል ወረደ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ።

ሰው ሁሉ «ውይ!» ብሎ ወደ ምሰሶው ቀና አለ፤ መብራት ሲጠፋ ምሰሶ ማየት የአገሩ ልማድ ነው፣ ምሰሶው መልስ ሰጥቶ ባያውቅም። ይሄነው በስልኩ ጥግ የምትታየውን የገዛ ፊታቸውን እየተመለከቱ የተበተነ ጠጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር። ወይዘሮ አልታዬ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ዘሊካን ሊቀበሉ ተነሥተው ነበር፤ እንግዳ ተቀምጠው አይቀበሉምና ተነሡ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ እንኳን አደረሽ ተባባሉ። ፓምፑ ዝም ብሏል። ሰዉም ወደ ላይ አንጋጦ ዝም ብሏል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ጣሳ እንስራ ውስጥ ሲጠልቅ የሚሰማው ያህል ነው።

ወይዘሮ አልታዬ ዞር አላሉም። መጀመሪያ ወገባቸውን ዳበሱ። የመቀነቱ ጫፍ ቋጠሮውን እንደያዘ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

እንዴት እንደደረሱ ማንም አላየም። ስልሳ አራት ዓመታቸውን፣ የጉልበታቸውን ቁርጥማት፣ ጥበብ ቀሚሳቸውን፣ ሁሉን እንደያዙ ከኩሬው ገቡ። ውሃው አተላ ነው፣ ዓይን አያሳይም። በእጃቸው ዳበሱ፣ ለቁልፍ እንደሚዳብሱት ወለል ሁሉ፤ ድንጋይ ያዙ፣ ጣሉት፤ ጎማ ያዙ፣ ጣሉት፤ ከዚያ ጠጉር ያዙ። አወጧት። ገለበጧት፣ ጀርባዋን መቱ። ዝም አለች። ደግመው መቱ። ዝም አለች። ከዚያ ሳለች። ከዚያ አስታወከች። ከዚያ፣ ለስሙ ምስጋና ይግባውና፣ ቆርቆሮውን የሚያስነሣ ጩኸት ጮኸች።

ወይዘሮ አልታዬም ውሃው ከቀሚሳቸው እየወረደ፣ ነጠላቸው ከኩሬው ላይ እየተንሳፈፈ፣ ራሳቸውን ሳይከናነቡ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አማቻቸውን ፊት ለፊት እያዩ አወጁ።

«ይሄነው! አንተ! አንቱታህ ኩሬው ውስጥ ቀርቷል፤ ከፈለግኸው ገብተህ አውጣው! ሁለት ጊዜ በሰው አፍ ላክሁብህ። ባቄላ ትፈራለች ብለህ በሰው ፊት አሳቅህብኝ። አዎን፣ እፈራለሁ! ባቄላ እፈራለሁ፣ ቁልፍ እፈራለሁ፣ አውራ ዶሮ እፈራለሁ። አንተን ሰው ነው ብዬ ሳልፈራህ መቅረቴ ነው ጥፋቴ! ቤቱ የእኔ ነው፣ ጓሮውም የእኔ ነው። ይህ ውሃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልወጣ አንተ ከነድንጋይህ ትወጣለህ!»

ይሄነው ግን ቆሞ ነበር። በዚህ ስፍራ ዜና መዋዕሉም አንቱታውን ለጊዜው ያቆየዋል። እጁ እንደተዘረጋ፣ ስልኩ በእጁ እንዳለ፣ አፉ ተከፍቶ ቆሞ ነበር። ኩሬው ከትከሻው ኋላ በስልኩ ይታይ ስለነበረ ብርሀንነሽ ከኩዌት ሆና ሁሉን አይታለች፤ የልጇን መውደቅም፣ የእናቷን መዝለልም። ድምፅዋም ከዚያች ትንሽ ስልክ ወጥቶ ግቢውን ሞላው።

«ልጄን አሳየኝ! ፊትህን አንሣና ልጄን አሳየኝ! እማ፣ ትተነፍሳለች? ታልቅስ፣ አታባብያት፣ ልስማት! ... ተመስገን። ተመስገን። እማ፣ አደራዬን አልበላሽም፣ እጅሽ ይባረክ።

ይሄነው! ይህን ማን አዘዘህ? ማን ሥራልኝ አለህ? ተመልከት እስቲ፣ ይኸው አሁንም በሩ ላይ ነኝ፤ ተመልከት!»

ስልኳንም አዞረችው። አቅራቢያው የነበሩት ሁሉ አዩ። ያው ድንጋይ፣ ያው ውሃ፣ ያው አበባ ነበር፤ በፊቱ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት አጥር ቆሞ ነበር፣ በበሩም ላይ ቁልፍ ነበረ፣ የቁልፉም መክፈቻ በብርሀንነሽ አንገት ላይ ታስሮ ነበር።

«አየኸው? እጄን በዚህ ብረት መሐል አሾልኬ ነው ያነሣሁት። የላክሁልህ ውሎዬን እንድታውቀው ነበር። እኔ እዚህ ምን እንደምሠራ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ከጧት እስከ ማታ እዚህ በር ላይ ቆሜ የማዳም ልጅ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ እጠብቃለሁ። ሥራዬ ይህ ነው። የሰው ልጅ እንዳይሰምጥ ቆሜ እየጠበቅሁ በላክሁት፣ አንተ የእኔ ልጅ የምትሰምጥበት ቆፈርህበት!»

ከዚህ አዋጅ በኋላ ሌላ አዋጅ አላስፈለገም፤ ዘሊካ ብቻ አጠር አድርጋ «ሴቶች! ጀሪካን!» አለች። ከየቤቱ ቢጫው ጀሪካን ተነቅሎ ወጣ። ለስምንት ቀን የቦኖ ተርታ የጠበቁት ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ በይሄነው ጓሮ ተሰለፉ። አንዷ ለልብስ፣ አንዷ ለላሟ፣ አንዷ ለጭቃ ምርጊት፤ ባለ አንድ ጆሮዋ አህያም ከሁሉ በፊት ጠጥታ ጠገበች፣ ከዚያን ቀን በፊት ከተሸከመችው ውሃ አንድ ጉንጭ ቀምሳ አታውቅም ነበር። የኩሬው ወለል የታየው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ጋሽ አህመዲን ጎንበስ ብለው ፓምፑን ነቀሉ፣ ጎማውን ጠቀለሉ። ከዚያም የወጣውን አፈር ወደ ጉድጓዱ ለመመለስ አካፋ ተጠየቀ።

በዚያች ሰዓት ይሄነው ስልካቸውን በኪሳቸው ከተቱና ማንም ሳያዛቸው አካፋውን ጨበጡ። ነጩን ሸሚዝ አላወለቁም። አካፋ እንዴት እንደሚያዝ አያውቁትም ነበርና ንጉሡ ባለ ባጃጁ ሊያሳያቸው ቀረበ፤ አላዩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ደክመው ለመጀመሪያ ጊዜ አላረፉም፤ ጉድጓዱ ከመሬት እኩል እስኪሆን፣ ከመሬትም ትንሽ እስኪያብጥ ሞሉት፣ ረገጡት፣ ደግመው ረገጡት። ይህን የምንጽፈው ለማድነቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ወይዘሮ አልታዬ ደረቅ ልብስ ለብሰው፣ ልጅቱን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ከደጃፉ ላይ ሆነው የሚወረውሩትን አካፋ አፈር ቆጠሩላቸው። አንድም አላመሰገኑም። ሲመሽ ግን እግር ማጠቢያ ውሃ ከበሩ አጠገብ አስቀመጡላቸው፤ በጣሳ፣ ለእግር ብቻ የሚበቃ።

እንግዲህ ውዳሴ ይገባል፣ ያለ ውዳሴ የሚዘጋ ዜና የለምና። ክብር ለይሄነው፣ የቆመውን አጥር ላላዩት፣ ያልተጠየቁትን ለሠሩት! ክብር ለእርሳቸው፣ በሁለት ጾም መካከል ሠራዊት ላዘመቱ፣ ሰማንያ ጀሪካን ሞልተው በአንድ ሰዓት ለአገር ላጠጡ፣ ከቦኖው ይልቅ ቦኖ ለሆኑ! ከወንዝ ድንጋይ ያወጡ፣ ከድንጋይ ውሃ ያወጡ፣ ከአማታቸውም አፍ ማንም ያላወጣውን ቃል ያወጡ! ስማቸው ከቁልቁለቱ ወንዝ እስከ ወረኢሉ መንገድ ይጠራል፤ ሕፃናትም ይስቁበታል። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ይጻፍላቸው፣ በቀይ ቀለምም ይጻፍ፤ ታላላቅ ነገሥታት አምባ ሰብረዋል፣ አገር አቅንተዋል፣ ይህችን አንዲት ቃል ግን በዜና መዋዕላቸው ለማጻፍ የታደሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በይሄነው ዘመቻ ሰው አልሞተም።